የክሽክሽ እረኞች

«ጉንዳንህ ጥንዚዛዎቼን እየፈጀ ነው እኮ» አለች ሰዕዲያ።

«ታዲያ አባጨጓሬውን ማን ጨረሰው? ያንቺ ቀያዮች ናቸው?» አለ ባሏ ሻዕባን፣ ከችግኝ መደቡ ማዶ እንደ ተንበረከከ።

በቀርከሃ የታጠረችው፣ በሣር የተከደነችው ዳስ የቀራቸውን ሁሉ ይዛለች። አንበጣ ማሳውን፣ የግብር ሰዎች ጎተራውን ጠርገው ሲሄዱ ሰዕዲያ ቋጥራ የደበቀችው ሁለት እፍኝ የማሽላ ዘር ብቻ ተረፈ። ዝናብ ሲጥል ወደ ማሳ ሊያዛውሩት እዚህ አፈሉት። ይህ ከጠፋ ሌላ ዘር የለም። ያን ጊዜ ምን እንደሚሆን ሻዕባን አንድ ቀን ብቻ ተናግሯል፦ ባምባሲ ያለው ነጋዴ ለአንድ ልጅ ሁለት የአህያ ጭነት እህል ይሰጣል። ልጃቸው ኢቲዳል ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዕዲያ ልጅቷን ውኃ እንኳ ብቻዋን አትልክም።

መጀመሪያ አባጨጓሬ መጣ። ሻዕባን ከዛፍ ላይ የጉንዳን ጎጆ ከነቅጠሉ ቆርጦ ዳሱ ማገር ላይ አሰረ፤ ጉንዳኖቹም አባጨጓሬውን ለቅመው ጨረሱት። ቀጥሎ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ መጣና ከቅጠሉ ሥር ተጣብቆ ችግኙን ይመጥ ጀመር። ሰዕዲያ ከወንዝ ዳር ነጠብጣብ ያለባቸውን ቀይ ጥንዚዛዎች በቅል ለቅማ እንዲበሉት ለቀቀችበት፤ በረው እንዳያመልጡም የቀርከሃውን ክፍተት በጭቃ ደፈነች። ሁለቱ ቢተባበሩ ችግኙ ይድናል ብለው ነበር።

«ና እይ» ብላ አንድ ቅጠል ገለበጠች።

ጉንዳኑ ክሽክሹን በቀንዱ ይዳስሰዋል፤ ክሽክሹም እንደ ማር ያለች ጠብታ ያወጣለታል። አንዲት ጥንዚዛ ጠጋ ስትል ሦስት ጉንዳኖች እግሯን ነክሰው ጎትተው ጣሏት።

ሻዕባን ቅጠሉን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየ።

«ወላሂ ያልባቸዋል» አለ። «እንደ ላም ያልባቸዋል።»

«እረኛ ነው የቀጠርክላቸው።»

ሻዕባን ተነሥቶ ወደ ጉንዳኖቹ ጎጆ ሄደ። ጎጆው ከማገሩ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ስላለው የቀርከሃውን ግድግዳ በገጀራ ቀደደና ከነማገሩ ተሸክሞት ወጣ። ክንዱን ጉንዳን አለበሰው። ሰዕዲያ እያራገፈችለት ተከተለችው። ከአጥሩ ውጭ ባለው ፍም ላይ ጣለውና እጁን ዘረጋላት፤ እሷም የተነከሰውን በአመድ ታሸው ጀመር።

«እንግዲህ ያንቺዎቹ ይሥሩ» አለ። «ኢቲዳልን ጥሪያት፣ ታጠጣልን። በወሩ ወደ ማሳ እናወጣዋለን፣ ኢንሻላህ።»

የልጅቷን ስም ከጠራ ብዙ ቀን ሆኖታል። ሰዕዲያ ክንዱን እንደ ያዘች አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።

ከጀርባቸው፣ በተቀደደው ግድግዳ በኩል ፀሐይ ችግኙ ላይ ወድቃለች። አንዲት ጥንዚዛ ወደ ቅጠሉ ጫፍ ወጣች፤ ቀይ ክዳኗን ከፍታ በቀዳዳው ወደ ወንዙ በረረች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከዚያም የቀሩት፤ ክሽክሹ ግን ከቅጠሉ ሥር ቀረ።