የወንድሜ ክላክስ

ወንድሜ ሾፌር ነው። ደጄ ሲደርስ እንደ ሰው አያንኳኳም፤ ክላክሱን ያስጮኸዋል። ልጄ ደንግጣ ክልትው ስትል ቤቱ በሳቅ ይናጋ ነበር። "ድንጉጥ" ያልናትም ለዚህ ነው። ፊቷ ላይ ውሃ ረጨት አድርገን፣ ጉንጯን ስመን፣ ወደ ጨዋታችን። ወይ አለማወቅ!

አንድ ጠዋት የማንቂያው ሰዓት ጮኸ። እሷ አልተነሳችም። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ከቀብሯ በኋላ አንዲት ሐኪም እኔንም መርምራ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የልጄን የልብ ምት የሚመራው ኤሌክትሪክ ከልደቷ ጀምሮ ችግር ነበረበት፤ ድንገተኛ ድምፅ ያዛባዋል፤ በዘር ይሄዳል። "ከዘመድ የሚወድቅ ልጅ ካለ ቶሎ ይመርመር፤ መድኃኒት አለው" አለችኝ።

አለ እንጂ! ፌንጣ የምንላት የወንድሜ ልጅ በልደቷ ቀን ፊኛ ሲፈነዳ ወድቃለች። ሄጄ ነገርኩት።

"እትዬ፣ ሐዘንሽን ልጄ ላይ አታራግፊ" አለኝ።

"ለሐዘኔ እኔ አንሼ ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ነው ያልኩህ!"

"ሟርተኛ!" አለና በሩን ከፍቶ አስወጣኝ።

ከዚያ ወዲያ ደጄ ዝር አላለም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን ሳቆም የገዛ ትንፋሼን እሰማለሁ። የማንቂያውን ሰዓት ባትሪ አውጥቼዋለሁ፤ ለማን ይጮሃል? የድንጉጥን ዩኒፎርም ላስረዝምላት ጫፉን ፈትቼው ነበር፤ እንደተፈታ ተሰቅሏል። ብቸኝነቱ ይከብደኛል። ከሱ የባሰው ግን የፌንጣ ነገር ነው፤ "ዛሬስ ነቅታ ይሆን?" እያልኩ ነው የምነሳው። በየጠዋቱ ለሚስቱ "አስመርምሪያት" ብዬ እጽፋለሁ። መልስ የለም። ይስደቡኝ እንጂ አልተውም!

አንድ ቅዳሜ የወንድሜ መኪና ደጄ ቆመ። ክላክሱን ጠበቅኩ። ዝም። በሩ ላይ በአንድ ጣት ብቻ፣ ኳ... ኳ።

ስከፍት ፌንጣን አቅፏታል፤ በሌላው እጁ የክኒን ከረጢት።

"ሚስቴ ናት ተደብቃ ለምርመራ የወሰደቻት። በሽታው አለባት። እኔም አለብኝ" አለ። ዓይኔን ማየት አቃተው። "እትዬ፣ ያኔ ክላክስ ሳደርግ ድንጉጥ..."

ልረግመው ስንት ቀን ተዘጋጅቼ ነበር! አፌ እምቢ አለኝ።

"ሁላችንም ስቀናል። ግባ" አልኩት።

ፌንጣ ገና ከመግባቷ ዩኒፎርሙን አየችው። "ለኔ ይሆናል?"

ለካኋት። ማስረዘም አያስፈልገውም። ጫፉን መልሼ አጠፍኩና አጠገቧ ተቀምጬ በእጄ ሰፋሁላት፤ የስፌት መኪናው ይጮሃላ።