የታፈነው ማሲንቆ

ባዬ ጋቢውን አራት አጥፎ ወደ ድምፅ ማጉያው ጡሩምባ አፍ ጠቀጠቀው። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ውጭ ተንጠልጥሎ ቀረ። በክርኑ ገፋው። የቆርቆሮው አፍ የሰው ራስ ያስገባል፤ በተከፈተው መስኮት ትይዩ ስለተቀመጠ የሚናገረው ሁሉ ቁልቁል ወደ ቡሬ ገበያ ይወርዳል።

"ባዬ፣ ምን ትጠብቃለህ? ገበያው ሞላ እኮ፣" አለ ከበሩ ውጭ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ባንዳ፣ ወልደ ሥላሴ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል።

"ጠርሙሶቹ አልሞቁም፣ ጌታው። ካልሞቁ አይናገሩም።"

ይህ እንኳ እውነት ነበር። ማጉያ የሚሉት የጣሊያኖች ሳጥን ጀርባው ክፍት ነው፤ ውስጡ የተደረደሩት አራት ጠርሙሶች ቀስ በቀስ እንደ ፍም ካልቀሉ ትንፍሽ አይልም። ከቀሉ በኋላ ግን የሚያስቆመው የለም።

ሳጥኑን ያመጣው የጦር ሰፈሩ ሬዲዮ ሠራተኛ ነው። መጀመሪያ የራሱን ጊታር እያሰረ እሑድ እሑድ ይጫወትበት ነበር። የሰፈሩ አዛዥ ካፒቴኑ ጆሮዬን በጠሰው ብሎ ሳጥኑን ከሰፈሩ አስወጣው። ለካፒቴኑ ጆሮ ያልተመቸው ነገር ለባዬ ቤት የተመቸ መሰላቸውና ገበያው ዳር ወዳለችው የአዝማሪ ጎጆ አመጡት። ከስልክ መነጋገሪያ የፈቱትን ክብ ነገር ከማሲንቆው ቆዳ ጋር በሽቦ አሰሩ፤ ከሰፈሩ ሞተር ድረስ ሽቦ ዘረጉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እንዲጫወትም አዘዙት። አገሩ ሰላም ነው፣ ሕዝቡም ደስ ብሎታል ለማለት ነው። ጣሊያን ቡሬን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር።

ባዬ ሲጫወት ጣሪያው ይርዳል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርሌዎች ይንጫጫሉ፣ የሚስቱ የሸጋዬ ዶሮዎች እስከ ሰኞ ድረስ እንቁላል ይነፍጋሉ። አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ ቢያደርገው ሬዲዮ ሠራተኛው ደረሰበትና የድምፁን መዘውር ነቅሎ ኪሱ ከቶት ሄደ። ከሳጥኑ ብቅ ያለ የብረት ጫፍ ብቻ ቀረ።

ዛሬ ግን ጉዳዩ የዶሮ አልነበረም። ጧት ጎረቤቱ ሙሄዲን፣ የጨው ነጋዴው፣ በጓሮ በኩል መጥቶ ጠርቶት ነበር።

"ላቀው ወድቋል። ትናንት፣ ወንበርማ ላይ።"

ላቀው የሸጋዬ ወንድም ነው። ከአርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ከርሟል። በከተማው ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባዬ፣ ሸጋዬና ሙሄዲን።

"የሸጋዬ ዘመዶች ጨው ተራ እኔ አጠገብ ቆመዋል፣ ገበያተኛ መስለው፣" አለ ሙሄዲን። "ለሽፍታ ያለቀሰ ይታሰራል ተብሏልና እንባቸውን ውጠው ነው ያሉት። ነገ ወደ አገሯ ወስደው አጎቷ ያረዷታል። አንተ እንዳትነግራት ብለዋል።"

"እሺ።"

"ሌላም አለ። ማሲንቆህን ዛሬ እንዳንሰማው ብለዋል። ወንድሟ በሞተ ማግሥት የዘፈነ ባል ከእንግዲህ ደጃችንን አይረግጥም፤ እሷም ወደሱ አትመለስም፣ ነው የሚሉት።"

"ካልተጫወትኩ ባንዳው ምነው ይላል።"

"እሱማ ይላል።"

"ምነው ካለ ይጠይቃል። ከጠየቀ የማን እህት እንደሆነች ይደርስበታል።"

ሙሄዲን መሬት መሬት አየ። ባለፈው ወር ወንድሟ ጫካ የገባ አንዲት ሴት ከነልጇ ተወስዳ እስካሁን የት እንዳለች የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ስለዚህ ማንም አላነሳውም።

"ያረብ፣" አለ ሙሄዲን በመጨረሻ። "ምን ልበልህ ወንድሜ? እኔ መልእክቱን ማድረሴ ነው።"

እናም ባዬ የሚፈልገው ባንዳው ጆሮ የሚደርስ፣ ጨው ተራ ግን የማይደርስ ድምፅ ነበር። መጀመሪያ እሾህ የሚነቅልበትን ወረንጦ ከአንገቱ አውልቆ የብረቱን ጫፍ ለማዞር ሞከረ። ወረንጦው አዳለጠና ጣቱን ቆረጠው፤ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ሳጥኑ በአንድ ጥፊ እንደሚሰበር አይጠፋውም፣ ግን ማሽኑን የሰበረ ምን እንደሚገጥመውም አይጠፋውም። ጋቢውን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋቢው ብቻ እንደማይበቃ ስለጠረጠረ ማሲንቆ መቺ ሁሉ የሚያውቀውን ጥበብ ጨመረበት። የደጋኑ ጭራ እጣን ካልተቀባ ድምፅ አይወጣውም። ልጅ ሳለ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ሲኖር፣ አባቱ ደጋኑን በእጅጌው ጠርጎ ይሰጠው ነበር፤ ያኔ ማሲንቆው የሚሰማው ለያዘው ሰው ብቻ ነው። ባዬም ደጋኑን በእጅጌው ደጋግሞ ጠረገው፣ ጠርሙሶቹ ሲቀሉ አየና አንድ ጊዜ ሳበ።

ሳጥኑ የአባቱን ምክር ለካ አልሰማም። ዜማው ጠፋ፤ ጭራ ከጭራ የሚፋተግበት ድምፅ ግን አንድም ሳይቀር ገዝፎ፣ እየፋጨና እየተሰነጠቀ፣ ጋቢውንም አልፎ ወጣ።

"ምንድን ነው እሱ? ድመት ታሠቃያለህ እንዴ?" አለ ወልደ ሥላሴ ራሱን በበሩ አስግጎ።

"ደጋኑ ደርቆ ነው፣ ጌታው። አሁን አሳምረዋለሁ።"

"አሳምረው። ካፒቴኑ ከሰማ እኔንም አንተንም አይምረንም።"

ባዬ እጣኑን ቀባና ቀስ አድርጎ ጀመረ። ድምፁ በጋቢው ውስጥ እየታሸ ወጣ። እስከ ሽንኩርት ተራ ይደርሳል፣ ጨው ተራ ላይደርስም ይችላል። ላይደርስ ይችላል እያለ ራሱን አጽናና፤ እንደማያውቅ ግን ያውቃል። የራሱን ማሲንቆ ከውጭ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም።

ሸጋዬ ልብስ ስታጥብ ቆይታ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ከጓሮ ገባች።

"ጋቢህ እዚያ ምን ይሠራል?"

"ጆሮዬን አሞኝ ነው፣" አላት ደጋኑን ሳያቆም።

"እስከ ዛሬ ሳያምህ?"

"ዛሬ አመመኝ።"

ሸጋዬ ጋቢው ዘንድ ሄደች፤ ልታወጣው ነበር መሰል። ዓይኗ በመስኮቱ አልፎ ሲሄድ እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"አጎቴ ናቸው እኮ እዚያ ያሉት። ከሙሄዲን አጠገብ።"

ባዬ ሌላ ዜማ ጀመረ።

"አክስቴ እቴቴም አሉ። ጨው ተራ ቆመው ጨው አይገዙም፣ ወደዚህ ወደ ቤቱ ነው የሚያዩት። ምነው ሳይመጡ?" ዞር አለች። "ባዬ፣ ምነው ሳይመጡ?"

"ገበያ ይዟቸው ይሆናል።"

"ወደኔ እየኝ እስቲ።"

አላያትም። የማሲንቆውን ቆዳ እያየ መጫወቱን ቀጠለ።

"ላቀው ነው?"

ሊዋሻት አፉን ከፈተ፣ አልወጣለትም።

"መቼ?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ትናንት። እኔ እንድነግርሽ አልተፈቀደልኝም ነበር። ሸጋዬ፣ በሩ ላይ ሰው አለ።"

"አውቃለሁ።"

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ጓዳ ገባች። ባዬ ልቡ ተከትሏት ሄደ፣ እጁ ግን መጫወቱን አላቆመም። ሊያቅፋት አይችልም፣ አብሯት ሊቀመጥ አይችልም። ሚስቱ የእናቷን ልጅ አጥታ ብቻዋን ጨለማ ጓዳ ውስጥ ቆማ፣ እሱ ለገበያ ይዘፍናል። በሕይወቱ እንዲህ ምንም ማድረግ አቅቶት አያውቅም።

መጀመሪያ የተሰማው እንደ ሳል ያለ ነገር ነበር። ቀጥሎ አንድ ረጅም ሲቃ ከነጠላው አመለጠ። የጓዳው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ በጋቢ የታፈነው ማሲንቆ ደግሞ ምንም ሊሸፍንላት አልቻለም።

"ማነው እሱ?" አለ ወልደ ሥላሴ።

"ሚስቴ ናት። ጥርሷን አሟት።"

"ጥርስ እንዲህ ያስለቅሳል?"

"የመንጋጋ ነው፣ ጌታው። ሌሊቱን አልተኛችም።"

ሲቃው ደገመ፣ ከፊተኛው ከፍ ብሎ። በርጩማው ሲንቋቋ ተሰማ። ባንዳው ተነሥቷል፤ የጠመንጃው አፈሙዝ ከራሱ ቀድሞ በበሩ ገባ።

ባዬ በመስኮቱ በኩል ጨው ተራን አየ። አጎቷ አሁንም ወደ ቤቱ እያዩ ነው። እግሩን ዘረጋና ተንጠልጥሎ የቀረውን የጋቢውን ጫፍ በእግሩ ጣቶች ይዞ ጎተተው።

ድምፁ ተለቀቀ። ባዬ ደጋኑን በሙሉ ክንዱ ሳበና ሠርግ ቤት የሚያስጨፍርበትን የመጨረሻውን ፈጣን እስክስታ ጀመረ። ብርሌዎቹ ተንጫጩ፣ ከጣሪያው ትቢያ ረገፈ፣ ገበያው በአንድ ጊዜ ዞረ። ወልደ ሥላሴ ደፍ ላይ ቆመ፤ ትከሻው ሳይፈልግ መንቀሳቀስ ጀመረ።

"እንዲህ ነው እንጂ፣" አለና ወደ በርጩማው ተመለሰ።

ጨው ተራ ላይ አጎቷ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ምድር ላይ ተፉ፣ ጀርባቸውን ሰጡ፣ ሌሎቹም ተከትለዋቸው ሄዱ። ሙሄዲን ብቻ ጨዉ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቀረ። ባዬ ይህን ሁሉ አየ። አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። እነዚህ ሰዎች ሚስቱን ሲድሩለት አዝማሪ ነው ብለው ያልናቁት ሰዎች ነበሩ፤ ከዛሬ በኋላ ግን ቢምል ቢገዘት አያምኑትም።

ከኋላው፣ ከጓዳ፣ ሸጋዬ አፏን ከፍታ ታለቅስ ጀመር። "ላቀው፣ የናቴ ልጅ" ስትል ደጋኑ በሚመለስባት በዚያች ቅጽበት ድምፅዋ ይሰማል፤ ስለዚህ ቅጽበቷን አጠበበ፣ ፍጥነቱን ጨመረ። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ሌላውን ይቀጥላል። ክንዱ ዛለ፣ የተቆረጠው ጣቱ ደማ። እሷም አላቆመችም፣ እሱም አላቆመም።

ፀሐይ እኩለ ሰማይ ስትደርስ ወልደ ሥላሴ በሩን በጠመንጃው ሰደፍ መታ።

"ስድስት ሰዓት ሆነ። ይበቃሃል፣ አጥፋው።"

ባዬ ደጋኑን አንስቶ ወደ ጓዳው ጆሮውን ሰጠ። ለቅሶው ገና አልወጣላትም ነበር።

"ጌታው፣ ፈቃድዎ ከሆነ ጥቂት ልጨምር፣" አለ ቶሎ ብሎ።

ወልደ ሥላሴ ሳቀ። "አንተ? ሁልጊዜ ሰዓት ደረሰ ወይ እያልክ የምታሰለቸኝ ሰውዬ? ዛሬማ ደስ ብሎሃል ማለት ነው።"

"ደስ ብሎኛል፣" አለ ባዬ፣ ደጋኑንም ወደ ማሲንቆው ጭራ መለሰ።