የዘጠኝ ቀን ሰርተፊኬት

ልብስ ሰፊ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስሰፋ ኖሬ ስፌት ለመማር ገንዘብ ከፈልኩ። ስቃችሁ ጨርሱና እቀጥላለሁ።

የፈለግሁት በሦስት ወር ዘመናዊ ቅድ መማር ነበር። የማሠልጠኛው ማስታወቂያ ላይ ሃያ የሚያብረቀርቁ የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ለክፍያው ብዬ እንጀራዬ የሆነችውን መኪናዬን ትምህርቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ለጎረቤቴ ለልብስ ቁልፍ ሻጯ ሸጥኩላት። "እንደምትቆጪ አውቃለሁ፤ አሥር ቀን አቆይልሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ገዢ አላት" አለችኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ሰልጣኞች አራት መኪና ከበን ቆምን። ከአራቱ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት አሥራ ስድስቱ "መንገድ ላይ ናቸው" ተባልን። ላም አለኝ በሰማይ! አስተማሪዋ ደመወዝ ስላልተከፈላት በአራተኛው ቀን ቀረች። ከዚያ በኋላማ "ተግባራዊ ልምምድ" እየተባለ ለዳይሬክተሩ ደንበኞች የትራስ ልብስ በነፃ ስንሰፋ ዋልን። እኔ ቤት ይህ ሥራ ይከፈልበታል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ቢሮ ገባሁ። የቁልፍ ሻጯ ቀጠሮ የሚያልቀው ያን ዕለት ነው።

"ማቆሜ ነው" አልኳት መዝጋቢዋን። "የዘጠኙን ቀን ቆርጣችሁ ቀሪውን መልሱልኝ።"

ከራሷ በላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቷ አሳየችኝ። "የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም" ይላል።

"ያልተሰጠ ትምህርትስ?"

ጮኼ ነበር መሰል፣ ዳይሬክተሩ ክራቫቱን እያስተካከለ ከውስጥ ወጣ። "እህቴ፣ ምን ያስጮኽሻል? አንቺኮ ጨርሰሻል" አለና የስም መቆጣጠሪያውን ዘረጋልኝ። የሦስት ወር ፊርማዬ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። በመጀመሪያው ቀን መዝጋቢዋ "በየጠዋቱ ከምንጨናነቅ አንዴ ፈርሙና ተገላገሉ" ብላን፣ ሁላችንም እየተሳሳቅን ገና ባልነጋ ቀን ላይ ሁሉ ፈርመናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከእሱ ይልቅ በራሴ በገንኩ።

እንባዬ ሊመጣ ሲል ንዴቴ ቀደመው።

"ጨርሻለሁ?"

"ፊርማሽ ይናገራል።"

"እንግዲያው ሰርተፊኬቴን ስጠኝ።"

ተያይተው ሳቁ። ወረቀት ከገንዘብ ይረክሳላ! ስሜን ጻፈ፣ የመጨረሻውን ቀን ከመቆጣጠሪያው ላይ ገለበጠ፣ "በከፍተኛ ማዕረግ" ብሎ ጨመረበትና ማኅተሙን መታ። "በይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ።"

ይዤው በቀጥታ ወደ ሸማቾች ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያሉት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ልጄ፣ ይህ ቀን እኮ ገና አልመጣም።"

"እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው፣ እትዬ።"

"ማኅተሙን ማን መታው?"

"እሱ ራሱ። ዓይኔ እያየ።"

ቅጂ አስቀሩና ለዳይሬክተሩ ደወሉ። "ወረቀት ግድግዳ ላይ ስለለጠፍክ ሕግ አይሆንልህም" ሲሉት ሰማሁ። "ወይ ዛሬውኑ ትመልስላታለህ፣ ወይ ስላልመጣው ቀን ነገ ቢሮህ መጥቼ እጠይቅሃለሁ።" ዋናውን ሰርተፊኬት መለሱልኝና "እንዳትለቂው" አሉኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ቀሪ ገንዘቤን ሳይስቅ ሰጠኝ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። "ሰርተፊኬቱን መልሺ።"

ከመዝጋቢዋ ራስ በላይ ያለውን ወረቀት በጣቴ አሳየሁት። "የተሰጠ አይመለስም።"

ቁልፍ ሻጯ ሱቋን ልትዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቷት ነበር። እግሬ ግን መጀመሪያ ወደ ክፍሉ ወሰደኝ። ሠላሳ አንዱም የትራስ ልብስ ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሰርተፊኬቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

"እናንተም ጨርሳችኋል! ሂዱና ሰርተፊኬታችሁን ጠይቁ!"

ሁለቱም መኪናዎች ቆሙ። ወንበር ሲገፋ እየሰማሁ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ።