ለአንድ ቤት የመጣ መብራት

ሶሬቲ የማስነሻውን ገመድ እንደገና በሙሉ ጉልበቷ ሳበች። ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። "ተነስልኝ በጌታ፣ ተነስልኝ" አለችው፣ እንደ ሰው እየለመነች። ከጀርባዋ በተከፈተው መስኮት የአባቷ የአቶ አብዲሳ ትንፋሽ ይሰማታል፤ አጭር ነው፣ ይቸኩላል፣ ደረታቸው ሳይደርስ የሚመለስ ይመስላል። መብራት የጠፋው ገና ሲነጋጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው የሚተነፍሱት አልጋው ሥር ለክፉ ቀን ከተቀመጠች ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው። የሲሊንደሯ መለኪያ ደግሞ ወደ ቀዩ ተጠግቷል።

የአየር መዝጊያዋን ጎተት አድርጋ አሁንም ሳበች። ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ተንተባተበ፣ ቀጥሎ ድምፁ ሞላና የግቢውን ቆርቆሮ ሁሉ አንቀጠቀጠው። ከመኝታ ቤቱ የኦክስጅን ማሽኑ ጢጥ ብሎ ሥራ ሲጀምር ስትሰማ የማስነሻውን ገመድ ለቀቀች። ወደ ውስጥም ሮጠች።

አቶ አብዲሳ ዕድሜያቸውን ከላምበረት ደሴ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ካቻምና ሳንባቸውን ታመሙ፤ በሽታው ሲሄድ ጠባሳውን ትቶባቸው ሄደ፤ አሁን ያለ ማሽን መዋልም ማደርም አይሆንላቸውም። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል። ያለቻቸው ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ የምትሠራው ሶሬቲ ብቻ ናት። ሰሚት ያለችውን ይህቺን ቤት የተከራየችውም ግቢ ስላላትና ጄኔሬተር ስለምታስቀምጥ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ጠባይ ማንሳት ግድ ነው። አዲስ ዕቃ ስንገዛ ፕላስቲኩን መላጥ አንወድም፤ ሶፋው እንዳይቆሽሽ ጨርቅ፣ ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ሌላ ጨርቅ እናለብሳለን። ሶሬቲም ጄኔሬተሩን ቤንዚን ሞልታ፣ በሸራ ጠቅልላ፣ ሳትነካው አስቀመጠችው። የተፈራው ቀን መጥቶ ሸራው ሲገፈፍ፣ ቢሳብ ቢሳብ ወይ ፍንክች። ቤንዚኑ ውስጡ ከርሞ ሙጫ ሆኗል። ያን ቀን አባቷን በጎረቤት መኪና ሆስፒታል አድርሳ ነው ያተረፈቻቸው።

ጉግሳ የመጣው ያኔ ነው። ጉግሳ በዚያ ሰፈር ጄኔሬተር ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን የያዘለት፣ እጁ ወርቅ፣ ቀጠሮው ግን ውሃ የሆነ ሰው ነው። ካርቡሬተሩን አጠበ፣ ካንዴላውን ቀየረ፤ ሞተርም እንደ ሰው ካልተንቀሳቀሰ ይታሰራል፣ በየሳምንቱ እያስነሳሽ ሥራ ስጪው ብሎ መከራት። ከመብራት ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረውን ማብሪያ ግን ተቃጥሎ አገኘው። አዲሱን ነገ ይዤ እመጣለሁ፣ እስከዚያው በዚህ ተጠቀሚ ብሎ በሁለቱም ጫፉ የሚሰካ ጥርስ ያለው ገመድ ሠራላት። አንዱ ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላው ጫፍ የቤቱ ግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ቤቱ በሙሉ ይበራል። ዕቃውን ሰብስቦ በሩ ላይ ሲደርስ ነው ዋናው ነገር ትዝ ያለው።

"ከማስነሳትሽ በፊት ቆጣሪው ሥር ያለውን ትልቁን ብሬከር አውርጂ" አላት። "ካላወረድሽው ያንቺ ኤሌክትሪክ ከቤት ወጥቶ ወደ መንገዱ መስመር ይሄዳል። ፖል ላይ ሰው ካለ ይገድለዋል። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።"

የጉግሳ ነገ ክረምቱ ወጥቶም አልመጣ። በደወለች ቁጥር መንገድ ላይ ነኝ ይላታል፤ ጉግሳ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ሶሬቲ ጠፍቷት አይደለም። ግን ገመዱ ሠራ፣ መብራቱም ሄደ መጣ፣ ነገሩ ተለመደ። ማደያዎች በጄሪካን አንቀዳም ስለሚሉ ቤንዚን መቆጠብ ነበረባትና በየሳምንቱ የተባለውም ማስነሳት ወር እያለፈው መጣ።

አሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የአባቷ ጣት ላይ የተሰካውን መለኪያ ታያለች። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። የከንፈራቸው ጥቁረት ለቀቅ አለ። ሲሊንደሯን ዘጋቻትና ለቢሮ አለቃዋ እንደምታረፍድ ጻፈች። ከግቢው ውጭ የመብራት ሠራተኞች ድምፅ ይሰማል። ንፋስ የበጠሰውን መስመር ሊቀጥሉ ነው የመጡት፤ መኪና ልከው ያስመጧቸው ደግሞ አጥር የሚጋሯት እትዬ ዘርትሁን ናቸው። አንዱ ፖሉ ላይ እንደወጣ በመስኮት አይታለች። እግዜር ይስጠው ብላለች በልቧ።

አቶ አብዲሳ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ጆሯቸውን ወደ ግቢው አዘነበሉ።

"ሶሬ፣ ምን ጨመርሽበት?"

"ምኑ ላይ አባዬ?"

"ሞተሩ ላይ። ዳገት ይዟል።"

እሷም አዳመጠች። እውነት ነው፤ ቅድም ሞልቶ ይወጣ የነበረው ድምፅ አሁን ያቃስታል። ማቀዝቀዣውን አልሰካችም፣ ምድጃውም ጠፍቷል። ምንም አልጨመርኩም ልትላቸው አፏን ስትከፍት ከእትዬ ዘርትሁን ግቢ የልጆች ጩኸት ፈነዳ። "መብራት መጣ! መብራት መጣ!"

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ጩኸት ሲሰማ ልቡ ሳያስፈቅደው ይደሰታል። ሶሬቲም ፈገግ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። የእትዬ ዘርትሁን የበረንዳ አምፖል ፈዘዝ ብሎ በርቷል። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ግን ጨለማ ነው፤ ባለሱቁ በስልኩ መብራት ዕቃ ይፈልጋል። ከሱቁ ቀጥሎ ያለው ፀጉር ቤትም እንደዚያው። መብራቱ የመጣው ለአንድ ቤት ብቻ ነው፤ ከእሷ ቤት ጋር ከአንድ ፖል ለሚወስደው ቤት።

ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረቀ፤ ያ መብራት ከእሷ ጄኔሬተር የወጣ ቢሆንስ? ብሬከሩን አውርጄዋለሁ? ጠዋት ከአልጋዋ ዘላ እንደወጣች፣ ሸራውን እንደገፈፈች፣ ገመዱን እንደሰካች ታስታውሳለች። እጇ ብሬከሩ ላይ እንዳረፈም ታስታውሳለች፤ ግን ያ ዛሬ ነው ወይስ ባለፈው ጊዜ? አባቷ ምን ሆንሽ እያሏት በባዶ እግሯ ወደ ቆጣሪው ሮጠች።

ብሬከሩ ሳይወርድ ወደ ላይ እንደቆመ ነበር። ወደ ታች መታችው። በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ የሰው ጩኸት ሰማች።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ሶሬቲ ግን ስትፈራ የኖረችው ለአባቷ ነበር እንጂ ስሙን ለማታውቀው ሰው አልነበረም። በበሩ ክፍተት አየችው። ሰውየው በወገቡ ቀበቶ ፖሉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ራሱ ወደ ደረቱ ወድቋል፤ አንድ እጁ ወደ ታች ተዘርግቷል። ገደልኩት አለች። ከዚያ የተዘረጋው እጅ ተንቀሳቀሰ። ሰውየው ጭንቅላቱን ቀና አደረገ፣ ፖሉን አቀፈ፣ እንደ ሕፃን እየዳኸ መውረድ ጀመረ። ታች ያሉት ተቀበሉት። መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ የቀኝ እጁን ጓንት ሲያወልቅ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር።

የመብራት ሠራተኞቹ ሹፌር፣ ወፍራም፣ ድምፁ ጎርናና ሰው፣ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። "ጄኔሬተር ያስነሳው የማን ቤት ነው?"

ያን ጠዋት በሰፈሩ ውስጥ የሚጮኸው ጄኔሬተር አንድ አልነበረም፤ ማንም አልመለሰም። ሶሬቲ በሩ ኋላ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፖሊስ ቢወስዳትስ? አባቷን ማን ያገላብጣል? ማሽኑ ሲጮህ ማን ይሰማል? ብሬከሩ አሁን ወርዷል፣ ማንም አላያትም፣ ዝም ብትል ያልፋል። ይህን ማሰቧ አሳፈራት፤ ቢያሳፍራትም ከበሩ ጀርባ አልተነቃነቀችም።

ሹፌሩ ባለቤቱ ካልታወቀ አንሠራም፣ ሰው ልናስገድል አልመጣንም ብሎ መሰላሉን ወደ መኪናው ማስጫን ጀመረ። እትዬ ዘርትሁን እየለመኑት ነው። ሶሬቲ ጄኔሬተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አሰበች፤ እስከ ከሰዓት አይቆይም። መልሳ የሰውየውን ጣቶች አየች። በሩን ከፈተች።

"የእኔ ነው" አለች። ድምጿ ስላልተሰማ ደገመችው። "ጄኔሬተሩ የእኔ ነው።"

እትዬ ዘርትሁን ደረታቸውን ያዙ። ሹፌሩ ሊሰድባት ሲል ዳር የተቀመጠው ሰውዬ በደህና እጁ ዝም አሰኘው። ሐዱሽ ይባላል፤ ጢሙ ሽበት የጣለበት፣ ቀጭን ሰው ነው።

"ድምፁን ከመውጣቴ በፊት ሰምቼዋለሁ" አላት። "ጥንቁቅ ሰው ነው ብዬ ወጣሁ።"

ሶሬቲ ስለ አባቷ፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ጉግሳ ገመድ፣ በጥድፊያ ስለረሳችው ብሬከር እየተደነቃቀፈች ነገረችው። ይቅር ይበሉኝ አለችው። አሁን ብሬከሩን አውርጃለሁ፣ ገብተው ይመልከቱት፤ ከፈለጉም ገመዱን ነቅዬ ማሽኑን ብቻ በማከፋፈያ ከጄኔሬተሩ ላይ እሰካዋለሁ አለች። ሐዱሽ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

"ዛሬ ጠዋትም ያወረድሽው መስሎሽ ነበር" አለ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "እኔ ፈርቻለሁ እህቴ፣ አልዋሽሽም። ያንን ሞተር እየሰማሁ እዚያ ላይ እጄ አይታዘዘኝም። ይጥፋና ዝም ሲል እወጣለሁ።"

"ብዙ ይፈጃል?"

"ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እጄ እሺ ካለኝ።"

ወደ ውስጥ ገባች። አቶ አብዲሳ ሁሉንም በመስኮቱ ሰምተዋል። ሶሬቲ አልጋው ሥር በርከክ ብላ የሲሊንደሯን መለኪያ አየች፤ ግማሽ ሰዓት ትበቃ ይሆናል፣ ላትበቃም ትችላለች።

"አባዬ፣ ሰውየው እስኪጨርስ በዚህች ትቆያለህ።"

"ፈርቻለሁ ሶሬ" አሏት።

በጣርማበር ጉም ውስጥ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምታው አታውቅም። እኔም ፈርቻለሁ አለቻቸው። አጥፊው አላሉም፣ አታጥፊውም አላሉም። ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። ቱቦውን ከማሽኑ ነቅላ ሲሊንደሯ ላይ ሰካችና መክፈቻዋን አዞረች።

እትዬ ዘርትሁን ሳይጠሩ ገብተው ወንበር ሳቡና የሽማግሌውን እጅ ያዙ። ሶሬቲ የጣቱ መለኪያ ከየት በታች ሲወርድ እንዲጠሯት አሳየቻቸው፣ አባቷን ቀስ ብለህ አየር ሳብ አለቻቸው። ወጥታ ሞተሩን አጠፋች። ግቢው ድንገት ጸጥ አለ። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅላ ለሹፌሩ ሰጠችው፤ እሱም ሳያያት መኪናው ውስጥ ወረወረው።

ሐዱሽ ቀበቶውን እየታጠቀ ነበር። ዘለበቱን ሁለቴ ሳተው። ወደ ግቢዋ ይመለከታል፣ ወደ ፖሉ ይመለከታል፣ እንደገና ወደ ግቢዋ። ሶሬቲ ወደ አባቷ ለመመለስ ዞራ አንድ እግሯን በሩ ውስጥ አስገብታ ነበር።

"ማንም አያስነሳውም?" ሲል ሰማችው። ድምፁ ሰውን የሚጠይቅ አይመስልም፤ ለራሱ የሚናገር ይመስላል።

እግሯን መለሰች። በሩን ከኋላዋ ዘግታ ወደ ፖሉ ሄደችና ሥሩ ባለው ድንጋይ ላይ፣ እሱ ከላይ ሆኖ በሚያያት ቦታ ተቀመጠች። ሐዱሽ መውጣት ጀመረ። በመስኮቱ የአባቷ ሳል ተሰማ፤ አንዴ፣ ከዚያ ረዘም ያለ። ሶሬቲ ጉልበቷን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች፣ ቀና ብላም "እዚሁ ነኝ፣ ይሥሩ" አለችው።