ጭራቁን ማን ይሁን?

ብረት በያጁ ሴትየዋን አንገቷን አንቆ ከግድግዳው ጋር ሲያላትማት፣ ሻይ ይዘው የተቀመጡት ለቀስተኞች ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«በምን ዓይንሽ ልታይን መጣሽ? እህቴን የገደላት ያንቺ ባል አይደለም?»

ሴትየዋ አልታገለችም። ግንባሯ ላይ የተሰፋው ቁስል ገና አልሻረም።

«እሱ ነው» አለች፣ ድምጿ እየታፈነ። «ላለቅስላት ነው የመጣሁት።»

ሟቿ የበያጁ ታላቅ እህት፣ ነርስ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባሎቻቸው የሚደበድቧቸውን ሴቶች በክሊኒኩ መሰብሰቢያ ክፍል ክብ ሠርታ ታስቀምጥና ተረት ትነግራቸዋለች። ልጃገረድ አፍኖ ስለሚወስድ ጭራቅ፣ ስለታፈነችው ልጅ፣ ጩኸቷን ሰምታ እንዳልሰማች ስለምትሆን ጎረቤት። ስትጨርስ «አንቺስ ማንኛዋ ነሽ?» ትላለች። ስለራሳቸው ሲጠየቁ ምላሳቸው የሚተሳሰር ሴቶች፣ ስለ ልጅቷ ሲሆን ይናገሩ ነበር።

በያጁ አንድ ቅዳሜ የክፍሉን የመስኮት ብረት ሊጠግን ሄዶ ነበር። እህቱ መሀላቸው አስቀመጠችው።

«ጭራቁን ማን ይሁን? እስቲ አንተ ሁንልን።»

«እኔ? እኔማ ጎራዴዬን መዝዤ የማስጥላት ወንድሟ ነኝ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እህቱ አልሳቀችም። ወደ ቤት ሲመለሱ ቀስ ብላ፣ «ሚስትህስ የወለቀ ጥርሷን ይዛ የወጣችው ከየትኛው ጎራዴ ሸሽታ ነው?» አለችው።

መንገድ ላይ ጥሏት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስትደውል አያነሳም፤ ስትመጣ በር አይከፍትም። እንደተኳረፉ ሞተች።

አሁን አንገቷን ያነቃት ሴት ደግሞ ከክቡ ውስጥ ቃል የማይወጣት እሷ ነበረች። አንድ ቀን ግን ሳይጠይቋት፣ «ልጅቷ እኔ ነኝ። በሩ አልተቆለፈም፤ የተቆለፈ የመሰለኝ ገፍቼው ስለማላውቅ ነው» አለች። በማግስቱ ልብሷን ጠቅልላ ወጣች። ባሏ መዶሻ ይዞ ክሊኒኩ ድረስ ተከተላት። የመጀመሪያው ምት እሷን ግንባሯን ፈነከታት። ነርሷ ጎትታ ከኋላዋ ሸሸገቻትና ፊት ለፊቱ ቆመች። የቀረው ምት ሁሉ ነርሷ ላይ አረፈ።

በያጁ ይህን ሲያስብ ደሙ ፈላ። በአንድ እጁ እንዳነቃት በሌላው ቡጢ አነሳ።

«በላ ምታት!» አለች እናቱ ከጥግ። ከለቅሶ ብዛት ድምጿ ሻክሯል። «ምታት እንጂ! ያም ሰውዬ ልጄን እንዲሁ ነው ያደረጋት!»

በያጁ እጁን አየ። ጣቶቹ አንገቷ ውስጥ ሰጥመዋል። አንድ በአንድ ፈታቸው። ሴትየዋ ግድግዳውን ታካ ወለሉ ላይ ተንሸራታ ወረደች፤ ሳል አፈናት።

አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ስለ እኔ... አውርታላችሁ ታውቃለች?»

«ስምህን አንስታ አታውቅም» አለች አንገቷን እያሻሸች። «ብቻ በተረቱ መጨረሻ ጭራቁን እንግደለው ስንላት እምቢ ትለን ነበር። ‹ተዉት፣ እህት አለችው› ትላለች። ለምን እንዲህ እንደምትል አይገባንም ነበር።»

በያጁ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ስር ከተተና ተቀመጠባቸው። እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ እንኳ ሊጠርገው አላወጣቸውም።