ለዱዓ የተነሳ እጅ

ሐጂ ሸረፋ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው የገዛ እጃቸውን አዩ። ሁለቱም መዳፎቻቸው ወደ ላይ ተዘርግተዋል፤ ከኋላቸውም የነጋዴው ሁሉ እጅ። ማዘጋጃ ቤቱ ፎቶውን በገጹ ለጥፎ ከሥሩ የጻፈውን ልጃቸው ሰፍያ አነበበችላቸው፦ «ነጋዴዎች ሱቃቸውን በራሳቸው ወጪ አፍርሰው መንገዱን ለማስፋት በሙሉ ድምፅ ተስማሙ።»

«እኛ? መቼ?» አሉ።

ፎቶው የተነሳበት ስብሰባ ላይ የሆነው ሌላ ነበር። ከቡታጅራ ብዙ የማትርቀውን ያችን ከተማ የሚያስተዳድረው ምስጋና፣ አንቱታው ይቅርበትና፣ የከተማዋ ገቢ ከደመወዝ እንደማይተርፍ፣ ከላይም ለመንገድ ሰባራ ሳንቲም እንዳልተላከ፣ ስለዚህ ሸክሙ የሕዝቡ እንደሆነ ሲደሰኩር ዋለ። ሐጂ ሸረፋ ተነስተው «ታዲያ ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው? ካሳውስ የታለ?» ብለው ጠየቁ። ምስጋና ጥያቄውን አልፎ ንግግሩን ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ምስጋና ፈገግ ብሎ «በሉ ሐጂ፣ ዱዓ ያድርጉልንና እንለያይ» አለ። ዱዓ ደግሞ ይከለከላል እንዴ? አደረጉ። ካሜራው የጠበቀው ይህንኑ ኖሯል።

ሐጂ ከመስቃን ገበሬ የተረከቡትን በርበሬ የሚሸጡባት ሱቅ ባለ አንድ በር ናት። ግማሿ ከተቆረጠ ሚዛንና ጆንያ አብረው አይገቡባትም። አቤት ሊሉ ቢሮው ድረስ ሄዱ። ምስጋና ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

«እጅዎን አንስተዋል፤ አገር አይቶታል» አላቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ዶዘር መጥቶ የሱቋን ፊት ገመሰው። ሐጂ በርበሬያቸው አፈር ላይ ሲበተን ቆመው አዩ፤ በዕድሜያቸው እንደዚያን ቀን ሰው ጠልተው አያውቁም።

የመንገዱ ሥራ ሲመረቅ እንግዶች መጡ። ምስጋና ያለ ምንም እፍረት «ሐጂ፣ እስቲ ዱዓ ያድርጉልን» ብሎ ጠራቸው። ሰፍያ «አባ፣ እንዳትሄድ!» ብላ ልብሳቸውን ያዘች። ሐጂ ግን ሄደው ማይኩ ፊት ቆሙ። እጅ ሁሉ ተነሳ፤ የምስጋና ከሁሉም ከፍ ብሎ።

«ያ አላህ! በዱዓችን የነገደብንን አክስረው!»

«አሚን!» አለ ነጋዴው። ምስጋናም በልማዱ «አሜን» አለ።

«ያለ ካሳ ያፈረሰብንን ቤቱን አፍርስበት!»

«አሚን!»

ነገሩ ለምስጋና አሁን ገባው። ግን በእንግዶች ፊት ያነሳውን እጅ የት ያድርሰው? ፊቱ አመድ መሰለ፤ ካሜራው ያነሳዋል።

ሐጂ ሸረፋ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱና ወደ ካሜራ ያዡ ዞሩ።

«ይኸንንም ለጥፈው» አሉት። «በሙሉ ድምፅ ነው።»