ማን ይቅደም

በእኛ ቢሮ ሥራ የሚያልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰው የሚወጣው ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። በመሃል ባሉት ሦስት ሰዓታት ምን እንደምንሠራ የሚጠይቀኝ ቢኖር እውነቱን እነግረው ነበር፤ እንቀመጣለን።

ቢሮው መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ አጠገብ ያለ ፎቅ ሦስተኛው ላይ ነው። ከጃፓን የሚመጡ የልብስ ስፌት መኪናዎችና መለዋወጫዎች እንሸጣለን። አራት ነን፤ ሥራ አስኪያጁ ፍስሐ፣ የመጋዘን ኃላፊው ጋሼ ጎበዜ፣ መኪና የሚጠግነው ማሙሸትና እኔ ሎዛ። እኔ ደንበኛ አስተናግዳለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ሲያስፈልግም እቆጣለሁ።

ፍስሐን ፊት ለፊት «አቶ» እለዋለሁ፣ እዚህ ግን ፍስሐ ይበቃዋል። ጃፓን ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አምሹ» ብሎን አያውቅም። የመጣ ሰሞን አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ቀና አለ፣ በመስታወቱ በኩል ወደ መጋዘኑ ተመለከተ፣ መልሶ አቀረቀረ። እኛም ተያየንና አቀረቀርን። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። እንዲህ እያልን ስምንት ወር ሞላን።

አለቃ ተቀምጦ ቦርሳ ማንሳት አይሆንልንም። ማንም አልከለከለንም፣ የያዘን ይሉኝታ ነው። ማሙሸት ትናንት የጠገነውን መኪና ፈትቶ እንደገና ይጠግናል። ጋሼ ጎበዜ መርፌዎቹን በየቁጥራቸው ይደረድራሉ፣ ሲጨርሱ ደባልቀው እንደገና ይደረድራሉ። እኔ ለደንበኛ የሚሰጠውን ካታሎግ አጥፋለሁ። ከታች ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ሰዎች መዶሻቸውን ሲያቆሙ መጨለሙን አውቃለሁ። እነሱ ጧት ያልነበረ ምድጃ ሠርተው ነው የሚሄዱት። እኔ ይዤው የምሄደው የወገብ ሕመም ብቻ ስለነበረ እቀናባቸው ነበር።

ከእናቴ ከእታገኝ ጋር አማኑኤል ነው የምኖረው። እናቴ ስኳር አለባት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኢንሱሊኗን ትወጋለች፣ ከተወጋች በኋላ ሳትቆይ መብላት አለባት። ሐኪሙ ይህን ሲነግራት አብሬያት ነበርኩ፤ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ግን እናቴ ብቻዋን መብላት አታውቅበትም። አባቴ በሕይወት እያለ እሱን ትጠብቅ ነበር፣ አሁን ደግሞ እኔን። «ለብቻዬ ስበላ አይወርድልኝም» ትላለች። ስለዚህ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ደረጃው ላይ ወጣ ብዬ እደውልላት ነበር።

«እማዬ፣ ተወጋሽ?»

«ተወጋሁ። የት ደረስሽ?»

«ልወጣ ነው። አንቺ ብዪ።»

«እሺ።»

አንድ ማክሰኞ ጎረቤታችን ሐጀራ አራት ጊዜ ደወለች፤ አልሰማኋትም። ፍስሐ ሥራ ላይ የስልኩን ድምፅ ስለሚያጠፋ እኛም እናጠፋለን። ባጋጣሚ ስልኬን ሳየው ለማንም ሳልናገር ሮጬ ወጣሁ። ስደርስ እናቴ ወለሉ ላይ ነበረች፣ ራሷ የሐጀራ ጭን ላይ፣ ልብሷ በላብ ርሷል። ስኳሯ ወርዶ ነው የወደቀችው። ዓይኗን ገልጣለች፣ ሐጀራ የስኳር ውሃ በጥብጣ በትንሽ በትንሹ ታጠጣታለች።

«አንቺ ልጅ፣ እናት የሚያስረሳ ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» አለችኝ ሐጀራ።

እናቴ ስትወድቅ እኔ ካታሎግ እያጠፍኩ ነበር፤ ያውም የታጠፈ ካታሎግ። ያን ዕለት ራሴን ጠላሁት።

እናቴ ሲሻላት ቃል ገባችልኝ። ከእንግዲህ ሳትጠብቀኝ በሰዓቷ ትበላለች። እኔም በልቤ ቃል ገባሁ፤ ከእንግዲህ በሰዓቴ እወጣለሁ።

በማግስቱ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ፍስሐን አየሁት። ጋሼ ጎበዜን አየኋቸው። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ መለስኩት። እናቱ ትናንት የወደቀችበት ሰው እንዲህ ያደርጋል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን እኔው አደረግሁት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ወጣሁና ደወልኩ።

«በላሽ?»

«በልቻለሁ። ጠግቤአለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

«ልወጣ ነው እኮ።»

እፎይ አልኩ። በልቻለሁ ካለች ምን አጣደፈኝ? ሁለት ሳምንት እንዲህ ራሴን እያታለልኩ ሰነበትኩ።

አንድ ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ተኩል እንዳለፈ፣ ጋሼ ጎበዜ ጉልበታቸውን እያሹ መርፌ ሲደረድሩ አየሁና ንዴቴ መጣ። ተነስቼ መጋዘን ገባሁ።

«ጋሼ ጎበዜ፣ አሁን ምን ሥራ አለብዎት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አይሄዱም?»

ወደ መስታወቱ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አለቃዬን ጥዬ? ነውር አይደለም እንዴ ልጄ? ደግሞ ብቸኛ ነው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። እሱ ብድግ ይበል እንጂ እኔማ በሩጫ ነው የምወጣው።»

ከዚያ ሄጄ ፍስሐ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ።

«አቶ ፍስሐ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሁን ምን እየሠሩ ነው?»

ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ። «እውነቱን ልንገርሽ? ጋሼ ጎበዜ እስኪነሱ እየጠበቅሁ ነው።»

«ምን?»

«ጃፓን ስሠራ ታላቅ ሳይነሳ ታናሽ አይነሳም ነበር። እሳቸው አባቴ ይሆናሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው እየሠሩ እኔ ኮቴን ለብሼ ልውጣ? ሥራ የሚወዱ ሰው ናቸው።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ጮህኩ።

«ሥራ ወደው አይደለም! እርስዎን ነው የሚጠብቁት! ሁላችንም እርስዎን ነው የምንጠብቀው! እናቴ ራሷን ስታ ስትወድቅ እኔ እዚህ የታጠፈ ወረቀት አጥፍ ነበር!»

የማሙሸት መፍቻ ከእጁ ወደቀ። ጋሼ ጎበዜ ከመጋዘኑ በር ብቅ ብለው ቆሙ።

ፍስሐ ኮምፒውተሩን አጠፋ። ቀጥሎ ጃፓን እያለ አጠገቡ ይሠራ ስለነበረ አንድ ሰው ነገረን። ሰውየው አንዳንድ ማታ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብሎ ያሸልብ ነበር። እዚያ ይህ አያሳፍርም፣ ብዙ የሠራ ሰው ነው ብለው ያከብሩታል። አንድ ማታ እንደተለመደው ደፋ አለ፣ ባልደረቦቹም እንዳይቀሰቅሱት በሹክሹክታ እያወሩ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሊሄዱ ሲሉ ቢነካኩት ሞቷል።

«ሥራ ለገደለው ሰው ራሱን የቻለ ቃል አላቸው» አለ ፍስሐ። «እኔ ከጎኑ ነበርኩ። እንዲያርፍ ብዬ መብራቴን እንኳ አጥፍቼለት ነበር። ያንን ሸሽቼ ነው አገሬ የገባሁት። ለካ ይዤው ነው የመጣሁት።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት» አልኩት። ንዴቴ ጠፍቶ አሳዘነኝ።

ተነስቶ ኮቱን አነሳ። ጋሼ ጎበዜም እንዳሉት በሩጫ መጡ። ሁለቱ በሩ ላይ ተገናኙ።

«ይቅደሙ፣ ጋሼ ጎበዜ።»

«ኧረ በጭራሽ! አንተ ቅደም እንጂ፣ አለቃዬ።»

«ታላቄ ነዎት፣ በእግዜር ይቅደሙ።»

«ስሞት! አንተ ካልቀደምክ አልወጣም።»

አንዱ የአንዱን ክንድ ይዞ ይገፋል፣ ሌላው ተረከዙን ተክሎ እምቢ ይላል። ሁለቱም ፈገግ ብለዋል፣ ሁለቱም የምራቸውን ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ይላል። ብተዋቸው ሌላ ስምንት ወር እዚያው በር ላይ ይቆሙ ነበር።

«ይቅርታ» አልኩና በመሃላቸው አለፍኩ።

ማሙሸት ተከተለኝ። ከኋላችን ደረጃው ላይ የሁለቱ ሰዎች ኮቴ ተሰማ፤ ማን እንደቀደመ ዞሬ አላየሁም።

ውጭው ገና ብርሃን ነበር። የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ መዶሻም አላቆመም። ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ይጮሃሉ፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል፣ እኔ ግን በዓል የሆነ መሰለኝ። ታክሲ ሳልጠብቅ በእግሬ ገሰገስኩ።

ግቢያችን ስገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። እናቴን ላስደንቃት ብዬ መስኮቱ ሥር ቆሜ ደወልኩ። መጋረጃው በከፊል ተገልጧል። መርፌዋን ተወግታ ክዳኑን እየገጠመች ነበር። ጠረጴዛው ላይ እራቱ በሰሃን ተከድኖ ተቀምጧል። ከጎኑ ጠርሙስ ውሃና ሁለት ባዶ ብርጭቆ፤ ከእጇ አጠገብ ደግሞ ሦስተኛ ብርጭቆ፣ የስኳር ዕቃውና ማንኪያ። ስልኩን ከማንሳቷ በፊት በማንኪያው አማሰለችው።

«እማዬ፣ በላሽ?»

«በልቻለሁ» አለች፣ የተከደነውን ሰሃን እያየች። «ጠግቤአለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ከብርጭቆው አንድ ጊዜ ተጎነጨች። እኔ እስክመጣ ድረስ ወድቃ እንዳትገኝ በስኳር ውሃ ነበር የምትቆየው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በየምሽቱ። እንባዬ መጣ። ልቆጣት አፌን ስከፍት እኔ ራሴ በስልክ የምላት ነገር ትዝ አለኝ። በየቀኑ «ልወጣ ነው» እየተባለች የትኛዋ እናት ቀድማ ትበላለች? በልቻለሁ ያለችው እሷ ናት፤ ያስጠበቅኋት ግን እኔ ነኝ።

«የት ደረስሽ?» አለችኝ በስልኩ።

«በር ላይ ነኝ።»

በሩን ከፈተች። ስልኩ ገና ጆሮዋ ላይ ነው። ቀና ብላ ያልጨለመውን ሰማይ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ፊቷም ተለዋወጠ።

«ምነው ልጄ፣ ተባረርሽ እንዴ?»

«አልተባረርኩም» አልኳት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የስኳር ውሃ እያነሳሁ። «ሥራ አልቆ ነው። ነይ፣ እጅሽን ታጠቢና እንብላ።»